ምርጡን ጠቦት ለበዓል እየሸጥን በተረፈው እናረባለን

የፋሲካ ሰሞን ነጋዴ ደጃፍ ድረስ ሲመጣ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ቶሎ ያደገው፣ ደረቱ የሰፋው፣ ላቱ የሞላው ጠቦት ላይ ነው። ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሸጥለታል፣ የተሻለ ብር የሚያወጣው እሱ ነዋ። ቤት የሚቀረው ነጋዴው አይቶ ያለፈው ነው። ቀጭኑ፣ ዘግይቶ የሚያድገው፣ ገበያ የማይወደው ጥቁሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሴቶቹን በጎች በሙሉ የሚያጠቃው፣ ማለትም የሚያስረግዘው፣ ይኸው የተረፈው ነው።

አንድ ዓመት ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። እኛ ግን ይህን የምናደርገው ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበልን ነው። ያደግኩት ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎች "ድሮ የኛ በግ እንዲህ አልነበረም" ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ምክንያቱን ሲናገሩ ዝናቡ አነሰ፣ ግጦሹ ታረሰ ይላሉ። እውነት ነው፣ ሁለቱም ሆኗል። ሦስተኛውን ምክንያት ግን ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም። ለዘር የሚሆነውን በግ በየበዓሉ አርደን በልተነዋል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አምስት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት በግ ላላቸው ሰዎች ነው። በትልቅ እርባታ አላወራም። ስለ መኖና ስለ ቤት አሠራር የሚነገር ብዙ ነው፤ ስለ አውራው፣ ለዘር ስለሚቀረው ወንድ በግ፣ ግን እምብዛም አይነገርም፣ ትልቁ ነገር ደግሞ እሱ ነው።

ለምን አውራው? ሒሳቡ ቀላል ነው። አንዲት እናት በግ ከወለደችው ግልገል ዘር ውስጥ ግማሹን ትሰጣለች። ሌላውን ግማሽ አባቱ ይሰጣል። እስከዚህ እኩል ናቸው። ግን አሥር እናቶች ካሏችሁ እያንዳንዷ የምትነካው የራሷን ግልገል ብቻ ነው። አውራው የሁሉንም ግልገሎች ግማሽ ነው። አንዷን እናት ብትቀይሩ ከመንጋው አንድ ጥግ ይቀየራል። አውራውን ብትቀይሩ ዘንድሮ የሚወለደው ሁሉ ይቀየራል።

በኪሎ እንየው። እንበል አንድ ቀን የተወለዱ፣ አንድ ግጦሽ ላይ የዋሉ ሁለት ወንድ ጠቦቶች አሉ። በስድስት ወራቸው አንዱ ከሌላው 4 ኪሎ ይበልጣል። ይህ 4 ኪሎ ሁሉ በዘር የመጣ አይደለም። የእናቱ ወተት አለበት፣ ዕድል አለበት፣ ያልታመመበት ወቅት አለበት። ሲሶው ብቻ በዘር ነው ብለን እንያዘው፣ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ለልጁ የሚያወርሰው ግማሹን ነው፣ 650 ግራም አካባቢ። "ለ650 ግራም ነው ይሄ ሁሉ?" ትሉ ይሆናል። ቆዩ። አሥር እናቶች በደንብ ከተያዙ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ይወልዳሉ፣ በዓመት ሲካፈል 15 ግልገል ማለት ነው። 650 ግራም በ15 ስታበዙት ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል። አንድም ተጨማሪ ድርቆሽ ሳታበሉ፣ አውራ በመምረጥ ብቻ! ደግሞ አይጠፋም። ከነዚያ ግልገሎች ውስጥ የምታስቀሯቸው ሴቶች የነገ እናቶች ናቸው፤ የሚቀጥለው ጥሩ አውራ ሲመጣ በነሱ ላይ ይጨምራል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም።

መጥፎ አውራ ስታስቀሩም ሒሳቡ ያው ነው፣ ወደ ታች ይሄዳል እንጂ።

ታዲያ ጥሩውን እንዴት ነው የምናውቀው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ትልቁን ማየት ብቻ አይበቃም። ከማን ጋር አወዳድራችሁት ነው ትልቅ ያላችሁት? መስከረም ላይ የተወለደ ጠቦት እናቱ ለምለም ሣር ስለምትበላ ወተት ጠጥቶ ያድጋል። የካቲት ላይ የተወለደው በደረቅ ወቅት እናቱ ራሷ ተርባ ነው የሚያድገው። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ "ይሄኛው ዘሩ ጥሩ ነው" ማለት አይቻልም። ማወዳደር ያለባችሁ በአንድ ወቅት የተወለዱትን ነው፣ ቢበዛ በአንድ ወር ልዩነት።

ሌላው መንታ ነው። መንታ ሆኖ የተወለደ ጠቦት የእናቱን ወተት ተካፍሎ ነው ያደገው። ስለዚህ ብቻውን ከተወለደው ትንሽ ቢያንስ አትናቁት። በግማሽ ወተት ለዚያ ቁመት ከበቃ ውስጡ ጥሩ ነገር አለ ማለት ነው፣ መንታ የምትወልድ እናት ልጅ መሆኑም አለ። የመንዝ በግ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው የሚወልደው። የቦንጋና የሆሮ በጎች ግን መንታ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። የመጀመሪያ ልጅም እንዲሁ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች እናት ወተቷ ስለሚያንስ ልጇ ትንሽ ቢሆን አይፈረድበትም።

እናቱን ጠይቁ። በየጊዜው ትወልዳለች? የወለደችውን ታሳድጋለች ወይስ ይሞትባታል? ይሄንን ከቤቱ እመቤት የበለጠ የሚያውቅ የለም፣ በጎቹን ጠዋት የምታወጣውና ማታ የምታስገባው ብዙ ጊዜ እሷ ናትና። እናቴ ደብተር አልነበራትም፣ ግን የየትኛዋ በግ ልጅ ለየትኛው በዓል እንደተሸጠ አንድ በአንድ ትናገር ነበር። አሁን ደብተር ይኑራችሁ። የተወለደበት ቀን፣ እናቱ፣ አባቱ፣ መንታ ወይስ ነጠላ። አራት ነገር ብቻ ነው፣ ስልክ ላይም ይጻፋል።

ከዚያ አካሉን ፈትሹ። ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ ወርደዋል? እኩል ናቸው? አንዱ ያልወረደለትን በጭራሽ ለዘር አታስቀሩ፣ ችግሩ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። ትላልቅ ፍሬ ያለው ይመረጣል። የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው ድድ ጋር በትክክል ይገጥማል? ካልገጠመ ሣር በደንብ አይቆርጥም። እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል? ቀለም ደግሞ ገበያው የሚወስነው ጉዳይ ነው። ገበያችሁ ጥቁር ካልወደደ ጥቁር አውራ ማስቀረት ነገ ዋጋ ያስከፍላችኋል፣ ሥጋውና ዕድገቱ ምንም ባይጎድለውም።

ሚዛን ከሌላችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩት። ይህ ልኬት ከክብደት ጋር በጣም የተያያዘ ነው፤ ኪሎውን በትክክል ባይነግራችሁም የትኛው እንደሚበልጥ ይነግራችኋል፣ የምትፈልጉትም እሱን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ችግር። ጥሩውን አውራ አገኛችሁ እንበል፣ ቤታችሁ የተወለደ፣ ደስ የሚል። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት አስቀመጣችሁት። ምን ሆነ? ከእናቱ ወለደ። ከእህቶቹ ወለደ። ከልጆቹም ወለደ። እኛ ለራሳችን ስንጋባ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ለበጎቻችን አንድ ቤት እንኳን አንቆጥርም።

ይህ የነውር ጉዳይ አይደለም፣ የሥጋ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ የዘር መመሪያውን በሁለት ቅጂ ነው የሚይዘው፣ አንዱን ከአባቱ አንዱን ከእናቱ። አንዱ ቅጂ ላይ ስህተት ቢኖር ብዙ ጊዜ ሌላው ይሸፍንለታል። ሁላችንም እንደዚህ የተሸፈኑ ስህተቶች ተሸክመን ነው የምንኖረው። አባትና ልጅ ሲገናኙ ግን ሁለቱ ግማሹን ዘር ስለሚጋሩ፣ የሚወለደው ግልገል ያንኑ ቅጂ ሁለት ጊዜ የመቀበል ዕድሉ 25 በመቶ ይሆናል። የሚሸፍን የለም ማለት ነው። በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት ከሆኑ 12 ከግማሽ በመቶ ነው። የሚታየው ውጤት አስደንጋጭ ላይሆን ይችላል፣ ባለ ሁለት ራስ ግልገል አይወለድም። ግልገሉ ትንሽ ቀለል ብሎ ይወለዳል። ሲበርድ ይሞታል። ቶሎ አያድግም። እናትየዋ አልይዝ ትላለች፣ ማለትም ደጋግማ ትጠቃለች ግን አታረግዝም። ሰው ይህን ሲያይ "ዓይን በላብኝ" ይላል፣ ወይም በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይገዛል።

መቼ ነው አውራው መውጣት ያለበት? ቀን ቆጥረን እንየው። አውራው ዛሬ ገባ። ከአምስት ወር በኋላ ልጆቹ ይወለዳሉ። ሴቶቹ ልጆቹ በሰባት፣ በስምንት ወራቸው፣ አንዳንዴም ትንሽ ቆይተው አውራ መፈለግ ይጀምራሉ። ሲደመር አንድ ዓመት ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ አውራ አንድ መንጋ ውስጥ ከዓመት ከጥቂት ወር በላይ መቆየት የለበትም። ጎረቤት ይሂድ፣ የጎረቤት ይምጣ።

ወንድ ጠቦቶቹም አሉ፣ እነሱ ይረሳሉ። አምስት ወር የሞላው ወንድ ጠቦት ሕፃን ይመስላል፣ ግን ማጥቃት ይችላል። የራሱን እናትና እህቶች የሚያስረግዘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አራት ወር ሲሞላቸው ለዘር ያልተመረጡትን ማኮላሸት ወይም ለይቶ ማዋል ያስፈልጋል። በድንጋይ መቀጥቀጥ ይቅር፣ እንስሳው ይሰቃያል፣ ይቆስላልም። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ቡርዲዞ የሚባል መቆንጠጫ አላቸው፣ ቆዳው ሳይቆረጥ ይኮላሻል። ሙክት ደግሞ ለበዓል ዋጋው ጥሩ ነውና የምታጡት ነገር የለም።

እዚህ ጋ ግን ግድግዳ ይገጥማችኋል። ግጦሹ የጋራ ነው። እናንተ መርጣችሁ፣ ለይታችሁ፣ ቆጥራችሁ ያቆያችኋትን በግ ሜዳ ላይ የጎረቤት ቀጫጫ ጠቦት ያጠቃታል። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ነገር መሥራት አይችልም፣ ጉልበት ስላነሰው ሳይሆን ሜዳው የአንድ ሰው ስላልሆነ ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ይነሳል። አንድ አውራ ከ25 እስከ 30 ሴት በጎችን ያለ ችግር ያጠቃል። አንድ ቤት ውስጥ ስምንት እናቶች ቢኖሩ አውራው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው። ሦስት አራት ቤት ሆናችሁ አንድ አውራ ብትይዙ በቂ ነው። ሁለት ቡድን ከሆናችሁ ደግሞ በየዓመቱ ትቀያየራላችሁ። ሌላውን ወንድ ሁሉ ታኮላሻላችሁ። ከባዱ ጥያቄ፣ "ምርጡ ጠቦት የኔ ነው፣ ለፋሲካ ብሸጠው ይህን ያህል አገኛለሁ፣ ለምን ለናንተ ብዬ ላስቀር?" የሚለው ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት አለው፣ ማዳበሪያ መግዛት አለ። ስለዚህ ቡድኑ እንደ ዕቁብ አዋጥቶ ጠቦቱን በገበያ ዋጋ ከባለቤቱ ይግዛው። ባለቤቱ አልከሰረም። አውራው ጊዜውን ሲጨርስ ተኮላሽቶና ሰብቶ ይሸጣል፣ ብሩ ለሚቀጥለው አውራ ይሆናል።

ይህ ከራሴ ያፈለቅሁት ሐሳብ አይደለም። ከ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር በጎች ላይ ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ የሚባል ሥራ ተጀምሯል። የአገራችን የምርምር ተቋማት ኢካርዳና ኢልሪ ከሚባሉት ዓለም አቀፍ የግብርናና የእንስሳት ምርምር ተቋማት እንዲሁም ከአንድ የኦስትሪያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው የጀመሩት። ግልገሎቹ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ይደረግላቸዋል፣ ይመዘናሉ፣ ይመዘገባሉ። ከዚያ ገበሬዎቹ የመረጧቸው ሰዎች ጠቦቶቹን አሰልፈው፣ ቁጥሩንም መልኩንም አይተው ለዘር የሚቀረውን ይወስናሉ። የኔ ልብ የሚሞላው እዚህ ላይ ነው። ዘሩ ከውጭ አልመጣም። እዚያው ሜዳ ላይ የነበረ፣ ለበዓል ይታረድ የነበረ በግ ነው።

ከውጭ የማምጣት ነገር ተሞክሯል። የደብረ ብርሃን የበግ ማባዣ ጣቢያ ከተቋቋመ ብዙ አሥርት ዓመታት ሆኖታል። ኮሪዴል፣ ሃምፕሻየር፣ በኋላ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ዶርፐር ተሞክረዋል። ክልሶቹ በደንብ የሚቀለቡበት ቦታ ላይ ጥሩ ያድጋሉ፣ አልክድም። ሁለት ሦስት በግ ያለው፣ ግጦሽ ብቻ የሚያበላ ሰው ግን ያንን አካል የሚሸከም መኖ የለውም። ማኤዲ ቪስና የሚባል ቀስ ብሎ የሚገድል የሳንባ በሽታም ማባዣ ጣቢያዎቹ ውስጥ ተገኝቶ ሥርጭቱን አስተጓጉሎታል። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ አንዲት እናት ብዙ ጊዜ ከ25 ኪሎ ብዙም አትበልጥም። ነገር ግን ገብስ ውርጭ በሚመታው ብርድ ላይ ይኖራል፣ ሣር ሲጠፋ ይታገሣል፣ ከጠጉሩ ባና እና ዝተት የሚባሉ የሱፍ ልብሶች ይሠራሉ። ይህንን ለማሻሻል መነሻው ራሱ ነው።

ስለ ጊዜ ትንሽ ልበል። አውሮፓ ውስጥ አብዛኛው በግ የሚጠቃው ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው፣ ሰውነቱ የቀኑን ርዝመት ይቆጥራል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀናችን ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም፣ በጎቻችንም ዓመቱን ሙሉ ይጠቃሉ። ያልረገዘች በግ በየ17 ቀኑ ገደማ አውራ ትፈልጋለች። ስለዚህ መቼ እንደሚወለድ መወሰን የምትችሉት እናንተ ናችሁ፣ አውራውን በመለየት ወይም እንዳያጠቃ ከሆዱ ሥር ቆዳ ወይም ጨርቅ በማሰር። እርግዝናው 150 ቀን ነው። የኛ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ አምስት ወር መቁጠር ብቻ ነው፣ ጳጉሜን ላይ ካለፈ አምስት ቀን ቀንሱ። ሚያዝያ 10 የተጠቃች በግ መስከረም 5 አካባቢ ትወልዳለች። ሣሩ ለምለም፣ ዝናቡ የቀለለበት ጊዜ ነው፣ ወተትም ይኖራል። ሐምሌ ላይ የተወለደ ግልገል ግን ጭቃና ብርድ ነው የሚቀበለው።

ሚያዝያ ላይ ለማስጠቃት ግን እናቲቱ መክሳት የለባትም። ከመጠቃቷ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ በቀን ጥቂት እፍኝ ፉርሽካ ወይም የኑግ ፋጉሎ ቢጨመርላት የመያዝ ዕድሏ ይጨምራል። ሁለተኛው ወሳኝ ጊዜ የእርግዝናው የመጨረሻ ስድስት ሳምንት ነው። ፅንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምረው ያኔ ነው። ያን ጊዜ የተራበች እናት ቀላል ግልገል ትወልዳለች፣ እንገሯም ያንሳል። ለሁሉም ጊዜ መኖ ከሌላችሁ ለእነዚህ ሁለት ጊዜያት አስቀምጡ።

እንገር ራሱን የቻለ ነገር ነው። ግልገል ሲወለድ ከበሽታ የሚከላከለው ነገር በደሙ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፣ የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱም ይህን መቀበል የሚችለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፣ ሰዓት በሄደ ቁጥር በሩ እየተዘጋ ይሄዳል። በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጥባቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ካልቻለ አልባችሁ አጠጡት።

በሽታውን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም። ክትባቱን በወቅቱ ማስከተብ ነው፣ ለፈንጣጣ፣ ሳንባ ለሚያጠቃው ፓስተሬላ፣ በግና ፍየል ለሚገድለው ተላላፊ በሽታ ለፒፒአር። ከክረምት በኋላ ረግረግ ላይ አታውሉ፣ የጉበት ትል የሚመጣው እዚያ ካለው ቀንድ አውጣ ነው። የትል መድኃኒት ስትሰጡ አልቤንዳዞልን ገና በተጠቃች የመጀመሪያው ወር ላይ ላለች በግ አትስጡ፣ ፅንሱን ይጎዳል። አንዱን በሽታ ግን ሳላነሳ አላልፍም፣ አዙሪትን። በጓ ራሷን አዘንብላ ትዞራለች፣ ከመንጋው ትቀራለች፣ በመጨረሻ ትሞታለች። የሚመጣው ከውሻ ነው። አርደን ጭንቅላቱን ለውሻ እንሰጣለን፣ አንጎሉ ውስጥ ያለው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፣ ትሉ እንቁላሉን ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይጥላል፣ በጓ ትግጠዋለች። ጭንቅላቱን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፣ ለውሾቹም የትል መድኃኒት ስጡ። በዚህ በሽታ ያጣኋት በግ ከሁሉም የምትሻለው እናት ነበረች፣ አሁንም ሳስባት ያናድደኛል።

እኛ አራት ቤት ሆነን ነው የጀመርነው። የመጀመሪያውን አውራ ለመግዛት ሁለት ወር ተከራክረናል፣ ጥቁር ይሁን ቀይ፣ የማን በግ ይሁን፣ በስንት ይገዛ። አንደኛው ጎረቤት እስከ መጨረሻው አላመነበትም ነበር፣ ግን ጠቦቶቹን አኮላሸ። አሁን አውራው እሱ ቤት ነው ያለው። በጥቅምት ወንዝ ማዶ ካለው ቡድን ጋር እንቀያየራለን፣ የነሱንም አይቼዋለሁ፣ መንታ ሆኖ የተወለደ ነው።